ከመኪናው እስከ በሩ፦ መጠጥ ለማቆም የድጋፍ ቡድን እንዴት ይገኛል፣ ከተገኘስ በኋላ?

ስብሰባውን ስልኬ ላይ ለማግኘት 5 ደቂቃ አልፈጀብኝም። በሩን ለመግባት ግን ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሦስት ማክሰኞ በተከታታይ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ካለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ መኪናዬን አቁሜ፣ መብራት አጥፍቼ፣ የሚገባውን ሰው ስቆጥር አምሽቼ ተመልሻለሁ። ስመለስም በሊከር ስቶሩ በኩል ነው።

በአራተኛው ማክሰኞ ሲጋራ ሊያጨስ የወጣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ መስኮቴን አንኳኳ። "ቡናው አይረባም፣ ግን ትኩስ ነው" አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ተከትዬው ገባሁ።

ስለዚህ ይህ መመሪያ አድራሻ ስለመፈለግ ትንሽ፣ ከመኪናው ወርዶ ስለመግባት ደግሞ ብዙ ይናገራል። "አንተ" እያልኩ የምጽፈው መኪና ውስጥ ለነበርኩት ለራሴ የምጽፍ ስለሚመስለኝ ነው። አንቺም ከሆንሽ የምታነቢው፣ ለአንቺ ብቻ የሚሆን ነገር ከታች አለ። ስሜን አልጽፍም። አፍሬ አይደለም፤ የምሄድበት የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ማኅበር ደንብ ራሱ አባላት በጋዜጣና በሬዲዮ ስማቸውን እንዳይገልጹ ይመክራል።

ከሁሉ በፊት፦ በድንገት አታቁም

ይህን ክፍል አትዝለለው። በየቀኑ ብዙ የምትጠጣ ከሆነ፣ ጠዋት እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ አንድ መለኪያ ካልቀመስክ ላብ የሚያጠምቅህ ከሆነ፣ "ከነገ ጀምሮ በቃኝ" ብለህ ብቻህን ቤት አትዝጋ። ሰውነትህ አልኮሉን ለምዶታል። በአንዴ ሲቋረጥበት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጥህ ይችላል። ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ትኩሳት፣ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል። ይህ ሰው ይገድላል። ሐኪም ግን በመድኃኒት በቀላሉ ሊያሳልፈው ይችላል።

አዲስ አበባ ከሆንክ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ከአዲስ አበባ ውጭ የሪፈራል ሆስፒታሎችን የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጠይቅ። "አማኑኤል" ሲባል የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ ይሳቅ። አሜሪካ ከሆንክ 1-800-662-4357 ብለህ ደውል። የመንግሥት መስመር ነው፣ ነፃ ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል፤ በአካባቢህ ያለውን ሕክምና ይጠቁሙሃል። መንፈራገጥ ወይም መቃዠት ከጀመረ ግን ወደ 911 ነው። ራስህን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብህ 988።

ጸበል ለመግባት ያሰብክም ብትሆን መጀመሪያ ሐኪም ይይህ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የቱ ቡድን?

በብዙ አገር በቀላሉ የሚገኘው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው፤ ሰው ሁሉ ኤ.ኤ. ይለዋል። አጀማመሩን ማወቅ ይጠቅማል። በ1935 እ.ኤ.አ. ቢል ዊልሰን የሚባል የአክሲዮን ገበያ ሰው ለሥራ ወደ አክሮን፣ ኦሃዮ ሄደ። ሥራው ተበላሸበት። መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖታል። ሆቴሉ መግቢያ ላይ ቆሞ በአንድ በኩል የባሩን ጫጫታ ይሰማል፣ በሌላ በኩል ስልክ አለ። ስልኩን አነሳና የአካባቢውን ቀሳውስት እየጠራ "ሌላ ሰካራም ታውቃላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። ያገናኙት ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባል ሐኪም ጋር ነው፤ እሱም ጠጪ ነበር። ለሰዓታት አወሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ አባላት ለማገገም የሚከተሏቸው 12ቱ እርምጃዎችም ሆኑ የማኅበሩ መጽሐፍ፣ ከዚያ ስልክ የተነሳ ነው። አንድ ጠጪ ሌላ ጠጪ ያናግራል። ሥራው ይኸው ነው።

ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዕድር አለን፣ እቁብ አለን፣ ጽዋ ማኅበር አለን። ይሄኛው ማኅበር ነው፣ ጠላ የለውም እንጂ። መመዝገቢያ የለም፣ የግዴታ መዋጮ የለም፣ የሚቀጣ ዳኛ የለም። የአባልነቱ መስፈርት አንድ ብቻ ነው፤ መጠጥ ለማቆም መፈለግ። ማቆም እንኳ አላሉም፣ መፈለግ ነው ያሉት።

"ይሠራል ወይ?" ለሚል ሰው፦ በ2020 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት ያወጣው ግምገማ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች መርምሯል። ሰዎችን በሥርዓት ወደ ኤ.ኤ. የሚያስገባ ሕክምና፣ ሳያቋርጡ ከመጠጥ ርቆ በመቆየት በኩል ከሌሎቹ የታወቁ የንግግር ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ለሁሉም ሰው ይሠራል ማለት ግን አይደለም።

ስለ እግዚአብሔር ሲወራ የሚከብደው ሰው ስማርት ሪከቨሪ የሚባለውን ይሞክር። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። መሠረቱ ሥነ ልቦና ነው፤ አምሮትን እንዴት ማሳለፍ እንደሚቻል ያሠለጥናል፣ ሰብሳቢም አለው። ወሬው ሞቅ ያለ አይደለም፣ ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይላል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው።

አፈላለጉ

ስልክህ ላይ "ሚቲንግ ጋይድ" የሚለውን የኤ.ኤ. መተግበሪያ አውርድ፤ ነፃ ነው። ያለህበትን ቦታ ያያል፣ ቅርብ ያሉትን ስብሰባዎች በቀንና በሰዓት ይደረድራል። ከስሞቹ አጠገብ "ኦፕን" ካለ ማንም መግባት ይችላል፤ ጓደኛህን ወይም ሚስትህን ይዘህ መሄድ ትችላለህ። "ክሎዝድ" ካለ መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። "ቢጊነርስ" ለጀማሪ፣ "ስፒከር" አንድ ሰው ታሪኩን የሚናገርበት፣ "ዲስከሽን" ሁሉም ተራ በተራ የሚያወራበት ነው። ለመጀመሪያ ቀን "ስፒከር" እመክራለሁ፤ ማንም አይጠይቅህም፣ ሰምተህ ትወጣለህ። እንግሊዝ አገር ያለህ ለኤ.ኤ. በ0800 9177 650 ደውል።

አንድ ሳይሆን ሦስት ስብሰባ ምረጥ። የተለያየ ቀን፣ የተለያየ ሰፈር። ምክንያቱን በኋላ እነግርሃለሁ።

"ሀበሻ ቢያየኝስ?" ዋናው ጥያቄ ይሄ መሆኑን አውቃለሁ። እኔም ለዚህ ብዬ ሀበሻ የሚበዛባትን ሲልቨር ስፕሪንግን ትቼ 40 ደቂቃ ነድቼ ሌላ ከተማ ሄጃለሁ። ገብቼ ስቀመጥ ከፊት ለፊቴ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? በለቅሶና በሠርግ የማውቀው ሰው። እሱም ከእኔ ሸሽቶ ነው ያን ያህል የነዳው። ሁለታችንም ጣሪያ ጣሪያ ስናይ ቆየን። ሲያልቅ መኪና ማቆሚያው ላይ እስክንታመም ሳቅን። እዚያ ወንበር ላይ የሚያይህ ሀበሻ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው በምን ምክንያት እንደሆነ አስብ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለህ፣ በአካል የሚገኘው ቡድን በሆስፒታሎቹና በማገገሚያ ማዕከሎቹ በኩል ነው። ሐኪሙን "በቡድን የሚደረግ ሕክምና አላችሁ?" ብለህ በግልጽ ጠይቅ፤ ካልጠየቅክ መድኃኒት ብቻ ይዘህ ልትመለስ ትችላለህ። ሌላው መንገድ ዙም ነው። የኤ.ኤ. ኦንላይን ኢንተርግሩፕ ሌት ተቀን ያሉ የኢንተርኔት ስብሰባዎችን ዝርዝር ይዟል። ሰዓቱን ብቻ ተጠንቀቅ፦ ኒውዮርክ እኩለ ቀን ላይ የሚጀመር ስብሰባ ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ በተቀረው ጊዜ 2 ሰዓት። ካሜራህን ዝጋ፣ ካርድም ይቆጥብልሃል።

ሳዑዲና ኩዌት መጠጥ በሕግ የተከለከለ ነው። እዚያ ያለ ሰው በዙም ሲገባ ሙሉ ስሙን፣ ፎቶውንና ያለበትን ከተማ አያሳይ። በአሠሪ ቤት ዋይፋይ ባይሆን ይመረጣል።

የመጀመሪያው ቀን

አሥር ደቂቃ ቀደም ብለህ ድረስ። ብዙ ስብሰባ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ይህ ማለት ግን የቤተ ክርስቲያኑ ነው ማለት አይደለም፣ ተከራይተው ነው። ሙስሊም ከሆንክ በዚህ አትደናገጥ። ታጣፊ ወንበር፣ ቡና፣ ብስኩት ታያለህ። ጠርዝ ላይ ተቀመጥ።

አንድ ሰው ሰብሳቢ ሆኖ የማኅበሩን ዓላማ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ያነባል። ቀጥሎ "ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ አለ?" ይላል። እጅህን ማንሳት ግዴታ አይደለም። እኔ ግን አንሳ እላለሁ፤ ካነሳህ ሲያልቅ ሰዎች ራሳቸው ይመጡልሃል፣ ካላነሳህ ሾልከህ ትወጣለህ። የመጀመሪያ ስምህን ብቻ ተናገር። ሌላ ስም ብትሰጥም ማንም መታወቂያ አይጠይቅም። "እኔ አልኮሆሊክ ነኝ" ማለት ካቃተህ አትበል። ተራህ ሲደርስ "አይል ጀስት ሊሰን ቱናይት" በቂ ነው። ዛሬ ላዳምጥ ማለት ነው፤ ያልፉሃል።

አንድ ሰው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ያወራል፣ ሌላው ዝም ይላል። አስተያየት የለም፣ ምክር የለም፣ "አይዞህ፣ እኔም እኮ..." የለም። ለእኛ ከባዱ ይሄ ነው። ሀበሻ ሰው ሲያለቅስ እያየ ዝም ማለት አይችልም። እኔ በሁለተኛው ቀን አንዷን ሴትዮ ልመክር አፌን ከፍቼ በጨዋ አነጋገር አስቁመውኛል። መጀመሪያ ቅር አለኝ። በኋላ ሲገባኝ፣ በሕይወቴ ማንም ሳያቋርጠኝ ሦስት ደቂቃ ያወራሁበት ሌላ ቦታ የለም።

ቅርጫት ይዞራል። ሰው አንድ ሁለት ዶላር ይጥላል፤ ለኪራይና ለቡና ነው። አዲስ ሰው አይጠበቅበትም፣ ዝም ብለህ አሳልፈው። ከውጭ እርዳታ አይቀበሉም። ቺፕ የሚሰጡበት ጊዜም አለ፤ ሳንቲም መሳይ ነገር ነው፣ የመጀመሪያው ለ24 ሰዓት ነው። ሲጠሩ ተነስተህ ብትቀበል ያጨበጭባሉ። የእኔ እስካሁን ከመኪና ቁልፌ ጋር አለ።

መጨረሻ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጸሎት ያደርሳሉ፣ አንዳንዱ ቦታ አባታችን ሆይ ነው። ካልፈለግክ ዝም በል።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ብለህ አትቅር። አንድ ምሽት አባቴ የሞተ ሰሞን ቃሉ በእንግሊዝኛ አልወጣ አለኝ። "በቋንቋዬ ላውራ?" ብዬ በአማርኛ ሁለት ደቂቃ አወራሁ። አንድም የገባው ሰው የለም። ሁሉም እንደ ሌላው ጊዜ "ታንክስ" ብለው ተራው ቀጠለ።

ጠጥተህ ከሆነስ? ና። አትንዳ፣ ሰው ያምጣህ ወይም ኡበር ጥራ፤ ገብተህ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ፍርድ ቤት በዲዩአይ፣ ማለትም ጠጥተህ በመንዳትህ፣ ልኮህ ከሆነም የሚፈረም ወረቀትህን ሳይጀመር ለሰብሳቢው ስጥ፤ የለመዱት ነገር ነው። ቡድኑ ግን የመፈረም ግዴታ የለበትም፣ ቀድመህ አጣራ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። "እዚህ የሰማኸው እዚሁ ይቅር" የሚለው ልማድ ነው፣ ሕግ አይደለም። እንደ ሐኪም ወይም እንደ ጠበቃ ምስጢር ጠባቂ የለም። ያልተዘጋ የፍርድ ቤት ጉዳይ ካለህ ዝርዝሩን እዚያ አታውጣ፣ ለጠበቃህ አውራው።

ስለ ሃይማኖት

ከ12ቱ እርምጃዎች ውስጥ እግዚአብሔርን የሚያነሱ አሉ፤ "እኛ እንደምንረዳው" የሚል ሐረግ አብሮ ይመጣል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የራሱን ይይዛል፣ የማያምነው ደግሞ ቡድኑን ራሱን ከእሱ የሚበልጥ ኃይል አድርጎ ይወስዳል። አምስተኛው እርምጃ ጥፋትን ለሌላ ሰው በግልጽ መናገር ነው። ለኦርቶዶክሱ ይህ አዲስ አይደለም። ብዙ ሰው ለንስሐ አባቱ ይነግራል፣ ገዝተውት ለጥቂት ጊዜ ይተዋል፣ ከዚያ ይመለሳል፣ ከዚያ አፍሮ ከቤተ ክርስቲያንም ይርቃል። ግዝቱ ሳይሆን ብቸኝነቱ ነው የጣለው ብዬ አምናለሁ። ንስሐ አባትህ በሳምንት አንዴ ይገኙ ይሆናል፤ ሐሙስ ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልክ የሚያነሳልህ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው።

ሦስት ጊዜ ሳትሄድ አትፍረድ

ሦስት ምረጥ ያልኩህ ለዚህ ነው። ቡድን ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ሲበዛ ሽማግሌ፣ አንዱ ሲበዛ ጸሎት፣ አንዱ ሲበዛ ጉራ ይሆናል። ሦስቱን አይተህ አንዱ ውስጥ "ይሄ ሰውዬ የእኔን ታሪክ ነው የሚያወራው" ካልክ ያንን ያዝ። እሱ ቤትህ ነው፣ "ሆም ግሩፕ" ይሉታል። ለጀማሪ በ90 ቀን 90 ስብሰባ የሚል የቆየ ምክር አለ። ሁለት ፈረቃ የሚሠራ ሰው አይችለውም። እኔ በሳምንት አራት እሄድ ነበር፣ በእረፍት ሰዓቴም መኪና ውስጥ በስልክ እሰማ ነበር።

ስልክ ቁጥር ተቀበል፣ ደውልም። ሳትጠጣ ደውል፤ ጠጥተህ መደወልማ ድሮም ትችልበታለህ። ትንሽ ቆይተህ ስፖንሰር ፈልግ። ስፖንሰር ሲባል ቪዛ እንዳይመስልህ። ቀድሞህ ያቆመ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት የቆየ፣ እርምጃዎቹን አብሮህ የሚሄድ ሰው ነው። ክፍያ የለውም። ገንዘብ የሚጠይቅህ ወይም የሐኪም መድኃኒትህን ጣል የሚልህ ከሆነ ሌላ ፈልግ።

ቡና ማፍላትና ወንበር ማጠፍ ቢሰጡህ እምቢ አትበል። ወንበር የማጠፍ ኃላፊነት ያለበት ሰው መቅረት ይከብደዋል።

አንቺ ሆይ፣ በእኛ አገር የሴት መጠጥ ድርብ ድርብ ነው የሚደበቀው፤ ጠርሙሱ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከረሜላው ቦርሳ ውስጥ። የሴቶች ብቻ ስብሰባ አለ፣ ከእሱ ጀምሪ። ስፖንሰርሽም ሴት ትሁን። አዲስ የገባችን ሴት "ላግዝሽ" ብለው የሚጠጉ ወንዶች የትም አሉ፣ እዚያም አሉ። ስልክሽን ለወንድ አትስጪ፤ ካስቸገረሽ ለቆዩት ሴቶች ንገሪያቸው።

ከዚያ ፋሲካ ይመጣል

ራሴን ለብዙ ዓመት ያታለልኩት በሁዳዴ ነው። 55 ቀን አልጠጣም፣ ስለዚህ ሱስ የለብኝም እል ነበር። በ55ኛው ሌሊት ግን ዶሮው ሳይቀርብ ጠርሙሱ ይከፈት ነበር። ቀን እየቆጠርክ የምትጾመው ከሆነ የምትጠብቀው ፋሲካን ነው ወይስ ጠርሙሱን?

ድግስ ላይ የሚያስቸግረው መጠጡ አይደለም፣ "በሞቴ" ነው። "አፈር ስሆን፣ አንዲት ብርጭቆ!" የሚል አክስት አይቀርም። አስቀድመህ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅ። የእኔ "መድኃኒት ላይ ነኝ" ነው፤ ውሸት አይመስለኝም። ገና እንደገባህ አምቦ ውኃ ያዝ፤ ባዶ እጅ ጠላ ይጠራል። ቅራሪም ብትሆን አትቅመስ። ጫት የምትቅም ከሆነ ጨብሲው ተከትሎ እንደሚመጣ ታውቃለህ፣ ስለሱም በቡድኑ አውራ። ከመሄድህ በፊት ለአንድ ሰው ደውል፣ ስትወጣም ደውል። መኪናህን ሌላ መኪና እንዳይዘጋብህ አድርገህ አቁም።

ካገረሸብህ በማግስቱ ተመለስ። እኔ ሁለት ጊዜ አገርሽቶብኛል። ሁለተኛው ላይ ሦስት ወር ደብቄ ስሄድ ነበር፤ ሳልጠጣ የቆጠርኳቸውን ቀኖች ላለማጣት ብዬ። ያ ሦስት ወር ከጠጣሁባቸው ዓመታት ሁሉ ይከፋል። በመጨረሻ ተነስቼ እንደገና የ24 ሰዓቱን ቺፕ ስጠይቅ ማንም አልተገረመም።

የቤተሰቡ አባል ሆነህ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ጠጪውን ጎትተህ አትውሰደው። ለአንተ አል-አኖን የሚባል የተለየ ማኅበር አለ፤ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጠጪ ቤተሰቦች የተቋቋመ። እሱ ባይሄድም አንተ ሂድ።

በአማርኛ ከፈለግክ

በአካባቢህ ከሌለ መመሥረት ይቻላል፣ ከባድ አይደለም። በማኅበሩ ደንብ መሠረት ላለመጠጣት የተገናኙ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ከሌላ ድርጅት ጋር እስካልተጣበቁ ድረስ ራሳቸውን የኤ.ኤ. ቡድን ብለው መጥራት ይችላሉ። ፈቃድ የሚሰጥ አለቃ የለም። ቋሚ ቀን፣ ቋሚ ሰዓት፣ ሰው የማያልፍበት ክፍል ይበቃል። ከዚያ በአካባቢህ ላለው የኤ.ኤ. ቢሮ ማሳወቅ ነው፣ ዝርዝሩ ውስጥ ያስገቡሃል። ክፍሉን የዕድሩ ወይም የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ባታደርገው ጥሩ ነው፤ ወሬው ከሰዓቱ ይቀድማል።

እኔና ያ 40 ደቂቃ ነድቶ የሸሸኝ ሰው እሁድ ከሰዓት በአንድ ቤተ መጻሕፍት ክፍል እንገናኛለን። አንዳንድ እሁድ ሁለታችን ብቻ ነን። ስድስት ወንበር እንዘረጋለን። ቡናው የጀበና ነው፣ ከቤት በፔርሙዝ ይዤው እመጣለሁ።